የጎሚስታው መስኮት

ቀናተኛ ነህ ይሉኛል። አዎ ነኝ፣ ምን ይጠበስ! ወንድይፍራው ብለው ስም ያወጡልኝ አባቴ ናቸው፤ ወንድ እንዲፈራኝ አስበው ይሆናል። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ወንድ ስፈራ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ በተለይ ከሚስቴ ከዘመነች አጠገብ የሚቆመውን። በዚያ ላይ ሥራዬ ሚኒባስ መንዳት ነው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ዘነበወርቅ እመላለሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ ሰው በስልክ ሲዋሽ እሰማለሁ። አንዷን አቅፎ ተቀምጦ ለሌላዋ "ስብሰባ ላይ ነኝ ፍቅር" የሚለውን ስንቱን አድርሻለሁ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ሚስቱን እንዴት ይመን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዘመነች ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። አመሻሽ ላይ ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤታችን ያለችው መንገድ መንገድ ተብላ አትቆጠርም። ከፌርማታው ቆመህ ጮክ ብለህ ብትጣራ ቤት ይሰማል። እሷ ግን ትቆያለች። ሹፌር ጓደኞቼ "አሁን አወረድኳት" ብለው ይደውሉልኛል፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የለችም። ጎረቤት ገብቶ ይወጣል፣ ሻይዬ ይቀዘቅዛል፣ እሷ የለችም።

"የት ቆየሽ?" እላታለሁ ስትገባ።

"መንገድ ላይ።"

"መንገድ ላይ ማን አለ?"

"ገነት ሱቅ ጎራ ብዬ ነው።"

ገነትን ስጠይቃት "ኧረ ዛሬ አላየኋትም" ትለኛለች። በቃ፣ ይህቺ አጭር መንገድ የእግር እሳት ሆነችብኝ።

ሆዴን የማካፍለው አንድ ሰው ነበረኝ፤ ደሜ። ደሜ ጎሚስታ ነው፣ ማዞሪያው ዳር ቆርቆሮ ቤት አለችው። ጎማዬ ሲተነፍስ እሱ ጋ እሄዳለሁ፤ ሳይተነፍስም እሄዳለሁ። ጴንጤ ነው፤ ጎማ ሲፈታ መዝሙር ይዘምራል። አይሳደብም፣ አይጠጣም፤ እንዲህ ያለ ጎሚስታ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልገህ አታገኝም። አግዳሚው ላይ ቁጭ እልና "ዛሬም ቆየች" እለዋለሁ።

"ወንዴ፣ ሰው እኮ ይደክመዋል" ይለኛል ቀና ሳይል።

"ማን? ዘመነች? የጎጃም ልጅ እኮ ናት! ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ነው ያደገችው።"

ዝም ይላል። የሰው ትዳር ውስጥ የማይገባ ጨዋ ሰው እያልኩ አደንቀዋለሁ።

የቆርቆሮ ቤቷ መስኮት መስታወቱ ከረገፈ ቆይቷል። ደሜ በምትኩ የራጅ ፊልም መትቶበታል፣ ዳር ዳሩን በጣውላ ይዞ። የሰው እግር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የጣቶቹ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ራጅ መስኮት ላይ መምታት ለሰፈራችን ብርቅ አይደለም፤ ዝናብ አያስገባም፣ ብርሃን አይከለክልም። እኔ ግን ቀልድ አደረግሁት። "ደሜ፣ ይቺ ጥላህ የሄደችው ናት እንዴ? እግሯን እዚህ ትታ በምን ሄደች?" እለዋለሁ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሹፌሮች በሳቅ ይሞታሉ። እሱ "ጎማህን አንሳልኝ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የዘመነች ነገር የወጣው አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነጠላዋን አጣፍታ ጨርሳ፣ ግራ እግሯን ጫማው አላስገባ አላት። ብትገፋው፣ ብትጎትተው እምቢ። ዘመነች ካልሲ አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ብርድ አይስማማኝም ትላለች። ስለ ካልሲውም ጠርጥሬ አውቃለሁ፣ ማን ገዛላት ብዬ።

"አሳዪኝ" አልኳት።

"ተወኝ ወንዴ፣ ሌላ ጫማ አደርጋለሁ።"

ተንበርክኬ ካልሲውን ገፈፍኩት። ወይ ጉድ! እግሯ ላይ ጉብ ያለ እብጠት አለ፤ ያረጀ ጎማ ጎኑ ላይ የሚያወጣው ዓይነት፣ ጠንካራ። ስነካው ከንፈሯን ነከሰች።

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

"በቅርብ ነው።"

በቅርብ አይመስልም ነበር፣ ግን ደንግጬ ስለነበር አልተከራከርኳትም።

ዘነበወርቅ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች፣ ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደላት፣ ጠብቁ ተባልን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ የገባንበት ሐኪም ዶክተር ቀዳማዊ ይባላል፤ ለጋ ወጣት ነው፣ መልከ መልካም፣ እጁ እንደ ሴት እጅ የለሰለሰ። የሚስቴን እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቷን አንድ በአንድ ይጫናል። "እዚህ ጋ ያምሻል እህቴ? እዚህስ?" እሷም በለሆሳስ ትመልስለታለች። ሐኪም ነው፣ ሐኪም ነው እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ፤ ደሜ እንኳ ጎማ ሲመረምር ይህን ያህል አይቆይም።

ራጁን መብራት ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰካው። "ጤነኛ የእግር አጥንት ምን እንደሚመስል ብታውቁ ልዩነቱ ይገባችሁ ነበር" አለ።

ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኮልኩ። "እንዴ ዶክተር! እኔ በየቀኑ ነው የማየው። አስራ ስምንት ማዞሪያ ደሜ የሚባል ጎሚስታ አለ፤ መስኮቱን የደፈነው በእግር ራጅ ነው። ስንት ዘመን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ!"

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ዘመነች ግን አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አየሁ። ራጁን ፈርታ ነው ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ።

ዶክተሩ በእስክሪብቶ እያመለከተ አሳየን። መሀል እግሯ ላይ ያሉት አጥንቶች ነቀዝ እንደገባበት በቆሎ ተቦርቡረዋል። "ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ" አለ። "አንደኛው ፈንገስ ነው። አፈርና እሾህ ላይ ይኖራል፤ በእሾህ ይገባና ሥጋ ውስጥ ዓመታት ተደብቆ፣ ቀስ እያለ አጥንት ይበላል። መድኃኒት አለው፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ሁለተኛው የአጥንት ካንሰር ነው። እሱ ጊዜ አይሰጥም።"

"ናሙናውስ?"

"ቁርጡን አልነገረንም። ሐሙስ ሐኪሞች ተሰብስበን እንወስናለን። ብዙዎቹ ከጉልበቷ በታች ይቆረጥ ነው የሚሉት። ካንሰር ከሆነ ሳንባዋ ሳይደርስ፣ ፈንገስም ከሆነ በዚህ ፍጥነት ከበላው እግሩ አይተርፍም ብለው። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው።" ወደ ዘመነች ዞረ። "እሾህ ወግቶሽ ያውቃል?"

እኔን አየችኝ። "ትዝ አይለኝም።"

"ከዚህ በፊት ይህን እግርሽን ራጅ ተነስተሻል? አሮጌ ራጅ ባገኝ እኮ ነገሩ ይቀላል። እነዚህ ቀዳዳዎች ከዓመታት በፊትም ከነበሩ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ይህን ያህል አይጠብቅም። እግርሽን ለማትረፍ የምከራከርበት ነገር አገኛለሁ።"

"የለኝም" አለች። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

እኔ ሚስቴን አውቃታለሁ። እውነት ስትናገር ታስባለች፤ ስትዋሽ ቶሎ ትመልሳለች።

ቤት እንደገባን በሩን ዘግቼ ፊቷ ቆምኩ። "ራጅ ተነስተሻል።"

"አልተነሳሁም።"

"ዘመነች፣ እግርሽን ሊቆርጡት ነው እኮ!"

"ይቁረጡት!" ብላ ጮኸች። ጮሃብኝ አታውቅም። "ይቁረጡት አልኩህ፣ ምን አገባህ!"

"ማን ነው?" አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን "ራጁ የት ነው ያለው?" ይል ነበር። እኔ "ማን ነው?" አልኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ራጁ አለ" አለች። "ደሜ ጋ ነው።"

"የቱ ደሜ?"

"ለዶክተሩ ስሙን የጠራህለት ደሜ።"

ስንጋባ "ከአንተ በፊት አንድ ሰው ነበረ፣ ዓረብ አገር ሄዷል" ብላኝ ነበር። ዓረብ አገር! ሰውዬው ማዞሪያው ዳር ቁጭ ብሎ ጎማዬን እየነፋ! ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ እጄን አመመኝ እንጂ ግድግዳው ምንም አልሆነ።

"ቁጭ ብለህ ስማ፣ ከሰማህ አይቀር" አለችኝና ነገረችኝ። ለወንድሟ ሰርግ አገር ቤት ሲሄዱ ደሜ አብሯት ነበር። ጓሮ አጥሩ ሥር እሾህ ወጋት፣ በመርፌ ያወጣላት እሱ ነው። ቆይቶ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ እግሯ አበጠና መራመድ ሲያቅታት እዚህ ሰፈር አንድ ክሊኒክ አዝሎ ወስዶ ራጅ አስነሳት።

"አዝሎሽ?"

"አዝሎኝ። የተሰበረ ነገር የለም ተባልን፣ እብጠቱም ጎደለ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ለጴንጤ ልጄን አልድርም አሉ። በቃ፣ ተለያየን። ራጁ እሱ ቤት ቀረ።"

ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ጆሮዬ ይዞ የቀረው "አዝሎኝ" የምትለዋን ነው። ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ፤ አልተጣሉም። ያለያያቸው ጠብ አይደለም፣ አባቷ ናቸው። የተጣሉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስንጋባ ጓደኛህ ሆኖ አገኘሁት። ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም አለ። እግሬ ሲብስብኝ ደግሞ ስለ እግሬ ማውራት ፈራሁ። እግሬን ካነሳሁ እሾሁ ይመጣል፣ እሾሁ ከመጣ ራጁ ይመጣል፣ ከራጁ ጋር ደሜ ይመጣል።"

"እና እግርሽ ይቆረጥ አልሽ?"

"በአንድ እግር አንተ ጋ መኖር እችላለሁ ብዬ ነው" አለች። "ደሜን ካነሳሁ ግን በሁለቱም እግሬ ታስወጣኛለህ።"

ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ ማዞሪያው ስነዳ ምን እንደማደርገው እያሰብኩ ነበር። በራሱ የጎማ መፍቻ ነው የምለው፣ አልኩ። ቆርቆሮ ቤቷን በሚኒባሱ ነው የምጨፈልቃት፣ አልኩ። ደርሼ ሳቆም መዝሙሩን እያንጎራጎረ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሏል። መስኮቱን አየሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መትቶት እግሩ ቁልጭ ብሏል። የሚስቴ እግር! ስንት ሹፌር ሻይ እየጠጣ አይቶታል፤ እኔ ራሴ ስቄበታለሁ።

"ራጁን አምጣ!" አልኩት።

ቀና ብሎ ፊቴን አየና ሁሉ ነገር ገባው። መፍቻውን አስቀመጠ። "እንዴት ናት?" አለኝ።

"አንተ ማን ነህና ነው እንዴት ናት የምትለኝ!"

"ወንዴ... እግሯ ነው?"

"ሊቆርጡት ነው።"

አጠገቡ የነበረው ጎማ ላይ ቁጭ አለ። በቅባት እጁ ፊቱን ሸፈነ፣ ሲያነሳው ግንባሩ ጠቁሯል። መንገዱን ሙሉ በሐሳቤ ስመታው የመጣሁት ሌላ ሰውዬ ነበር፤ ይሄኛውን እንዴት እንደምመታው ጠፋኝ።

መዶሻ አንስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጣውላውን ልነቅል ስታገል ፊልሙ ተሸበሸበ።

"ቀስ! እንዳትቀድደው" አለ ተነስቶ። "እኔ ላውጣው።"

መዶሻውን ሰጠሁት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ፊልሙን ሳይነካ፣ ፋሻ እንደሚፈታ ሰው። ያም አቃጠለኝ። የሚስቴን እግር ማትረፍ የሚችለው ነገር በእሱ እጅ ነው ያለው፣ እጁ ደግሞ ከኔ እጅ ይሻላል።

የታችኛው ጣውላ ሲነሳ ከሥሩ በነጭ ፊደል ስሟ ወጣ። ዘመነች፤ ከነአባቷ ስም፣ ከነተነሳችበት ቀን።

"ስሟን ሸፍነኸዋል" አልኩት።

"ስታገባት ነው ያቺን ጣውላ የጨመርኳት" አለ። "ከዚያ በፊት ይታይ ነበር።"

"ለምን አትጥለውም ነበር?"

"መጣል አቃተኝ። ቤት ባስቀምጠው እኔም ሚስት አለኝ። እዚህ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ሰው የሚያየው እግር ብቻ ነው።" ፊልሙን በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ ሰጠኝ። "ሂድ፣ አትዘግይ። እጸልይላታለሁ።"

"አትጸልይላት!" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እግሯ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። "ጸልይ" አልኩትና ሄድኩ።

ዘመነችን ከቤት ይዤ ሆስፒታል ተመለስኩ፤ ዶክተር ቀዳማዊ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰካቸው። አሮጌው በፀሐይ ዳር ዳሩ ነጥቷል፣ የሚስማር ቀዳዳ አለው፤ መሀሉ ግን ደህና ነው። ዓይኑን አስጠግቶ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ በማጉያ መስታወት አየ።

"ይኸውላችሁ" አለ። "ያኔም ነበሩ። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ እነዚሁ አጥንቶች ላይ። ስብራት ለሚፈልግ ዓይን አይታዩም። አሁን ሰፍተዋል፣ ጎረቤትም አፍርተዋል፤ ግን ስንት ዓመት ፈጅቶባቸው! ካንሰር እንዲህ አይንቀረፈፍም። ይሄ ቀርፋፋ ነው።" ወደ ዘመነች ዞሮ ሳቀ። "ሐሙስ እከራከርልሻለሁ።"

ተከራከረላትም። ጠለቅ ብለው ሁለተኛ ናሙና ወሰዱ፤ በዚህኛው እንደ ኑግ ፍሬ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ወጡ። ፈንገሱ ራሱ ነው ተባልን። መድኃኒቱን ብዙ ወራት ትውጣለች፣ ከዚያ የተረፈውን ቀደው ያወጡታል፤ እግሯ ግን የሷ ነው። ዶክተሩ አሮጌውን ራጅ "ፋይሏ ውስጥ ይቆይ" ሲል "ይቆይ! ይቆይ!" ብዬ ጮህኩ። ዘመነች በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቀች።

ራጁን ለዶክተሩ ባስረከብኩ በማግስቱ መስታወት በልክ አስቆርጬ ደሜ ጋ ሄድኩና መስኮቱን ራሴ ገጠምኩለት። "አያስፈልግም ነበር" አለኝ። "ለኔ ያስፈልገኛል" አልኩት። እጅ ተጨባበጥን፣ ጠንከር አድርጌ። ይቅር ተባባልን አልልም፤ ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ አልተቀመጥኩም። ጎማዬ ሲተነፍስ ግን እሱ ጋ ነው የምሄደው፤ ሌላ ጎሚስታ እንደሱ አይሠራም።

የሁለተኛው ናሙና ውጤት ከታወቀ በኋላ መድኃኒቷን ይዘን ስንመለስ ሚኒባሱ ጋራዥ ስለነበር እንደ ማንም ሰው በታክሲ ነው የመጣነው። ፌርማታው ላይ ወረድን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እጇን ይዤ መሄድ ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ ፈጠን ብዬ። ጥቂት እንደሄድን ቆመች። እኔም ቆምኩ። እንደገና ሄድን፣ እንደገና ቆመች፤ ግድግዳ ተደግፋ፣ ግራ እግሯን ከመሬት አንስታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር የምትፈልግ መስላ። ከእኛ በኋላ የወረዱት ሁሉ አለፉን። አንድ ጎረቤት አልፎን ቤቱ ገብቶ፣ ልብስ ቀይሮ ተመልሶ ወጣ። እኛ ገና ነን።

ለካ ይህቺ መንገድ ይህን ያህል ታስቆያለች! ስንት አመሻሽ በሩ ላይ ቆሜ ስሳደብ እሷ እዚህ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ገነት ሱቅ አልገባችም፤ ማንም ጋ አልገባችም። እግሯን አንስታ ቆማ፣ ሰው ሲያልፍ ቦርሳዋን እየበረበረች።

ከማዶ ደሜን ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አየነው። እጁን አነሳ፣ ግማሽ ድረስ። ዘመነች መሬት መሬት አየች።

"ሰላም በይው" አልኳት።

"ምን?"

"ሰላም በይው እንጂ! እግርሽን ያቆየልሽ ሰው አይደለም?"

ቀና ብላ አየችውና እጇን አነሳችለት። ያችን እጅ ስታነሳ ውስጤ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። እሷም አየችኝ።

"ቀናህ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ቀናሁ!" ብያት መንገዴን ቀጠልኩ፣ ፈጠን ፈጠን እያልኩ።

ከኋላዬ ጠራችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ከአፏ ያልሰማሁትን ነገር በሰፈሩ መሀል፣ ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብላ አለችኝ።

"ወንዴ፣ እግሬን አመመኝ! ቀስ በል!"

ተመልሼ ክንዷን ያዝኩና ቀስ አልኩ።